ቃታው የሠራ ዕለት

ባለፈው ሰሞን እግሩ የላላ ወንበር ይዤ ጆርጂያ ኖርክሮስ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚያድስ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። ሰውየው በጨርቅ የተልባ ዘይት እንጨት ላይ ያሻል፤ ጓደኛው ደግሞ የበር ማጠፊያ ሞርሳ ላይ አስሮ በሞረድ ይፍቃል። ሁለቱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ ወንበሩን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ሰውየው ምን ልርዳሽ ቢለኝ ለምን እንደመጣሁ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። የተልባ ዘይትና የብረት ብናኝ አንድ ላይ ሲሸቱኝ የሚመጣብኝ ሊልበርን ያለው ቤታችን ጋራዥ ነው፤ አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት፣ ቅጠል የሚረግፍበት ሰሞንና አባባ።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር በሙሉ ልቤ አምን ነበር። የአባባ አሮጌ ጠብመንጃ ቃታው የሠራ ዕለት አሜሪካ መጥታ ለጦርነት ትወስዳቸዋለች ብዬ። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ተሳስተሻል ያለኝም የለም፤ እንዲህ ማሰቤን ማን አውቆ? ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቃታውን ሲቀይሩ የምረዳቸው እኔው መሆኔ ነበር።

አባባ የአባቴ አባት ናቸው። ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ መስታወት ቤት ቁጭ ብለው ትኬት ሲሰጡ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። ከዚያ በፊት ሱዳን፣ ከሱዳን በፊት ወታደር፣ ከወታደርነት በፊት ወልድያ አካባቢ ገበሬ። ፊት ለፊት «አንተ» እያልኳቸው ነው ያደግኩት፤ እናቴ ስትሰማኝ ትቆነጥጠኝ ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱ የምላቸው ካደግኩ በኋላ ስላፈርኩ ነው።

አንዲት ታላቅ እህት አለቻቸው፣ እትዬ ዘነቡ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ይደዋወላሉ። አባባ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው፣ ወልድያ ድረስ በድምፃቸው ብቻ ሊያደርሱት የፈለጉ ይመስል ይጮሃሉ። እሷም ትጮሃለች። ዓይኗ እየደከመ ስለነበር የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዓይኔ ሳይጠፋ ልይህ» ትላቸዋለች። አባባ ደግሞ ከሠራዊት ጠፍተው በስደት የመጡ ሰው ስለሆኑ፣ ያለ አሜሪካ ፓስፖርት አገር መግባት ይፈሩ ነበር። ፓስፖርት እንዲያገኙ ዜጋ መሆን፣ ዜጋ ለመሆን ኢንተርቪው ማለፍ ነበረባቸው። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ግን እነዚህን ነገሮች እየለያየሁ፣ አንዱን ሰኞ አንዱን ሐሙስ ከጠረጴዛ ሥር ስለሰማኋቸው አንድ ላይ አልገጠሙልኝም።

የመጀመሪያውን ኢንተርቪው ወደቁ። የወደቁት ደግሞ በታሪክ ጥያቄ አልነበረም። አስተርጓሚያቸው ጋሽ ተፈራ ነበር፤ የታክሲ ሹፌር ነው፣ አባባን እንደ ታላቅ ወንድም እያየ «ጋሼ» ይላቸዋል። ያን ማታ ራት ላይ ቁጭ ብሎ ነገሩን ላባቴ ሲያስረዳ ላቡ ገና አልደረቀም ነበር።

«ሁሉን ጥያቄ መለሱ። ከዚያ ኦፊሰሯ ‹ሕግ ቢያስገድድ ለአሜሪካ መሣሪያ ለማንሳት ፈቃደኛ ነህ?› አለች። ተረጎምኩ። ጋሼ ‹በምን?› አሉ።»

«በምን ማለት?» አለ አባቴ።

«እኔ ምን አውቄ! መሣሪያ የለኝም፣ የሌለኝን አነሳለሁ ብዬ አልምልም አሉ። እሱን ምን ብዬ ትራንስሌት ላድርገው?»

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። «አባባ፣ መሣሪያውን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ደግሞ ማንም አይጠራዎትም። ፎርማሊቲ ነው። የስ ብለው ሳይን ማድረግ ብቻ ነው።»

«መሐላ ነው ወይስ ፎርማሊቲ?»

«መሐላ ነው፤ ግን…»

«መሐላ ከሆነ መሐላ ነው» አሉ አባባ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ዳቦውን እየቆረሱ ነው የሚናገሩት። «የመንግሥት መሣሪያ አንዴ ተሰጥቶኝ አይቼዋለሁ። የሰጠህ ሰው ወዴት እንደምታዞረውም እሱ ነው የሚነግርህ። ወንድምህ ላይ አዙር ሲለኝ ጥዬው ነው ሱዳን የገባሁት። ሁለተኛ ከማንም እጅ አልቀበልም። አባቴ ክተት ሲባል የራሱን ጓንዴ ጠብመንጃ ከግድግዳ አውርዶ፣ የራሱን ስንቅ ቋጥሮ ነው የወጣው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እወጣለሁም አልወጣምም የሚለው። ባዶ እጁን የሚምል ምኑን ማለ?»

«ታዲያ እትዬ ዘነቡስ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

አባባ ዳቦውን መቁረስ ተዉ።

እኔ ፓስታዬን በሹካ እየጠመዘዝኩ አስብ ነበር። አባቴ ከዓመታት በፊት ለዚሁ ጥያቄ አዎ ብሏል። እናቴም ብላለች፤ ጋሽ ተፈራም። ታዲያ ለምን አልተወሰዱም? መሣሪያ ስለሌላቸው ነዋ። አዎ ብሎ መሣሪያ የሌለው ይቀራል፣ አዎ ብሎ መሣሪያ ያለው ይሄዳል። ሒሳቡ ልክ ሲመጣልኝ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም አባባ ምንም የላቸውም። ደስታዬ እስከ ቅዳሜ ቆየ።

ቅዳሜ ጎረቤታችን ሚስ ዶሪስ ጋራዥ ሴል አወጣች፤ ያገለገለ ዕቃ ደጇ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዕቃውን ማየት አልቻለችም፤ የዓሣ ማጥመጃ፣ የጎልፍ ዱላ፣ የክረምት ጫማ ሣሩ ላይ ደርድራለች። አባባ በየዓመቱ ቅጠሏን ይጠርጉላት ስለነበር ሰላም ሊሏት ነው የወጡት። ከጎልፍ ዱላዎቹ መሀል ያቺን ጠብመንጃ ሲያዩ ግን ሰላምታቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ቀጥ ብለው ሄደው ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው አነሷት። ሕፃን ሲያነሱ አይቻቸው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነበር።

ሚስ ዶሪስ ባሏ አደን ሄዶ ሲወድቅ ቃታው መሰበሩን፣ ሳያሠራት መሞቱን፣ ማንም እንዳልፈለጋት ነገረችን። ገንዘብ አልቀበልም አለች። «ስለ ቅጠሉ ውሰዳት» አለች፤ እኔ ተረጎምኩላቸው። አባባም በአማርኛ መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር፣ እሷም አሜን ማለት እንዳለባት ያወቀች መሰለኝ፤ በየመሀሉ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

አባቴ ይህን ከመስኮት አይቶ በሩጫ መጣ። እጁ ላይ አንሶላ አለ። «እኛ በዚህ መንገድ ላይ ጠብመንጃ ይዘን በእግራችን አንሄድም» አለ፤ እየሳቀ አልነበረም። ጠቅልለን የመጋረጃ ዘንግ አስመስለን፣ አባቴ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ተሻገርን። አባባ ባዶ እጃቸውን ከኋላችን ይከተላሉ። ሰርቀን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ «ዝም ብለሽ ተራመጂ» አለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። «እዚህ ቤት መሣሪያ አይገባም።»

«ይቺ በሕግ እንደ መሣሪያም አትቆጠርም አሉ» አለ አባቴ። «የጥንት ናት። ባሩድ የላትም፣ ጥይት የላትም፣ ቃታም የላትም።»

«ከሌላት ለምን መጣች?»

ብዙ ከተባለ በኋላ ጋራዥ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ባሩድ የሚባል ነገር ሳይገዛላት እንድትቀመጥ ተስማሙ። አባባ ሁሉንም እሺ አሉ። «እኔ የምፈልገው ቃታዋን ነው» ነበር ያሉት።

ጠብመንጃዋ በአፈሙዟ የምትጎርስ ዓይነት ናት፤ ባሩዱም አረሩም በፊት በኩል ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። በስተቀኝ ከላይ አንዲት ትንሽ መዶሻ አለች። በአውራ ጣት ወደ ኋላ ትሳባለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ቃታው ሲሳብ ትወድቃለች። የእኛዋ ቃታ ከግማሹ ተሰብሮ ጉማጅ ብቻ ቀርቷል፤ ጣት የሚያርፍበት የለውም።

ወታደር ስለነበሩ አባባ ሁሉን የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። «እኔ የማውቀው ሌላ ነው» አሉኝ። «የዚህን ዓይነት አባቴ ሲፈታ ከሩቅ ነው ያየሁት። አያስጠጋንም ነበር።» ስለዚህ ታብሌቴን አመጣሁና ቪዲዮ ፈለግን። ጺማም ሰውዬ ነው፤ እንግሊዝኛው ጎትቶ ጎትቶ የሚናገረው የገጠር ጆርጂያ ስለሆነ እኔም በግድ ነው የምሰማው።

«ምን አለ?»

«አትቸኩል አለ።»

«እሺ ጌታዬ» አሉ አባባ ለታብሌቱ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየውን እንደ ሰው ነበር የሚያዩት። ቪዲዮውን ሳቆምባቸው እንኳ «ቆይ ይጨርስ፣ ነውር ነው» ይሉኝ ነበር።

መጀመሪያ መዶሻዋ የተያያዘችበትን ብረት በካቻቢቴ ፈትተው ፎጣ ላይ አስቀመጡ። ቀጥሎ ቃታውን የሚከልለውን የነሐስ ቀለበት አወጡ። ቃታው ራሱ እንጨቱን ሰንጥቆ በሚያልፍ ቀጭን ፒን ነው የተያዘው። ፒኑን በምስማር ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ገፉት፤ እኔ ከሥር መዳፌን ዘርግቻለሁ። ፒኑ ሲወጣ የተሰበረው ቃታ እጄ ላይ ወደቀ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ሰውን ያህል ነገር ጦርነት የሚወስድ ነገር ይህን ያህል ማነሱ ግራ ገባኝ።

አዲሱ ቃታ በፖስታ መጣ። ጥሬ ብረት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠብመንጃ በሞረድ ተፍቆ ነው የሚገጥመው። ጀርባው ረዝሞ፣ መዶሻዋን የምትይዘውን የውስጥ ምላስ ዝም ብሎ ወደ ላይ ስለሚገፋት መዶሻዋ አልቆም አለች። ጺማሙ ሰውዬ ጀርባውን ትንሽ ፋቅ፣ ግጠም፣ ሞክር፣ ፍታና እንደገና ፋቅ ይላል። ከበዛ ደግሞ ቃታው ምላሷ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ቢስቡት ቢስቡት ዋጋ የለውም።

አባባ ሥራ ውለው ሲገቡ ልብስ ሳይቀይሩ ጋራዥ ይገባሉ። እኔም ሆምወርኬን ይዤ ባልዲ ላይ እቀመጣለሁ። ሞረዱ ፍቅ ፍቅ ይላል፤ ብናኙ ክንዳቸው ላይ ያለውን ፀጉር ግራጫ ያደርገዋል። ሲደክማቸው ሞረዱን ትተው ሰደፉን በተልባ ዘይት ያሻሉ። ተልባ በጾም የምንጠጣው ነገር መሆኑን ስለማውቅ ጠብመንጃዋን የሚያስጾሟት ይመስለኝ ነበር። ከሚመጣው ነገር ጋር እንኳ ያ ጋራዥ የምወደው ቦታ ነበር፤ ይህም ራሱ ግራ ያጋባኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በእትዬ ዘነቡ ስልክ ሌላ ሰው ነው ያነጋገራቸው። የጎረቤት ልጅ ነች። እትዬ ጠዋት ጠዋት በሩን ለመለየት በእጇ መዳበስ ጀምራለች አለች። አባባ ስልኩን ዘግተው ጋራዥ ገቡ። ቪዲዮ ክፈቺ አላሉኝም። ሞረዱን አንስተው ፋቁ፣ ፋቁ፤ ሳይገጥሙ፣ ሳይሞክሩ። «ሰውየው ትንሽ ትንሽ ነው ያለው» ብላቸው አልሰሙኝም። በመጨረሻ ገጥመው ቃታውን ሲስቡት እንደ ላላ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። መዶሻዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ሰውየው ነግሮኝ ነበር» አሉና ባልዲዬ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ዘለልኩ። ተበላሸ፤ አይሄዱም። ተመልሼ ስመጣ ግን ያው ባልዲው ላይ ነበሩ፤ በብናኝ ግራጫ የሆነ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። ደስ ያለኝ ነገር እሳቸውን ለምን እንዲህ እንዳደረጋቸው አልገባኝም። ሌላ ቃታ እናዝ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ቃታ እስኪመጣ ነገር ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። አንድ ቀን ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ በር አንኳኳ። ቤት የነበርነው አባባና እኔ ብቻ ነን፤ እሳቸው ተኝተዋል። በሩን ከፍቼ ሳልጠየቅ «አሟቸዋል፣ ማየት አይችሉም፣ ላይክ መቶ ዓመታቸው ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። ሰውየው አዝኖ፣ የውሃ ቆጣሪ ለማንበብ የአጥሩ በር እንዲከፈትለት ብቻ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አላመንኩትም፤ ግን ከፈትኩለት።

ከዚያ ሻንጣ ተገዛ። አባባ ከፓርኪንግ ሲመለሱ በየቀኑ አንድ ነገር ይዘው ይገባሉ። ወፍራም ካልሲ፣ የጉልበት ቅባት፣ ነጠላ ጫማ። አንድ ቀን ደግሞ የሴት ሹራብ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው። ጦርነት የሚሄድ ሰው የሴት ሹራብ ምን ያደርግለታል? ብዙ አስቤ ሴት መስለው ሊያመልጡ ነው የሚል ላይ ደረስኩ። ያ መልካም ዘዴ መሰለኝና እኔም የራሴን ስንቅ ሰጠኋቸው፤ የእጅ ባትሪዬን፣ አንድ ፓኬት የቁስል ፕላስተርና ያልተከፈተ ከረሜላ።

አባባ ባትሪውን አብርተው አጠፉት። «ይጠቅመኛል፤ እዚያ መብራት ይጠፋል» አሉ። ጦር ሜዳው ጨለማ መሆኑን በዚህ አረጋገጥኩ።

ሁለተኛውን ቃታ ሲፍቁ አልቸኮሉም። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩ፤ ሰውየውንም ይቅርታ ጠየቁት። ጋራዡ በር ግማሽ ድረስ ተከፍቷል፤ በሥሩ የረገፈ ቅጠል እየገባ እግራችን ሥር ይሰበሰባል። ያን ቀን ለመጠየቅ ቆረጥኩ።

«አባባ፣ ስትሄድ ማነው የሚወስድህ?»

«አባትሽ ነዋ። በመኪናው ያደርሰኛል።»

አባቴ በገዛ መኪናው አሳልፎ ይሰጣቸዋል ማለት ነው።

«ትፈራለህ?»

ሞረዱን አቆሙ። «እንዴት አልፈራ የኔ ልጅ። ስንት ዘመኔ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ አላውቅም። በጊዜ እደርስ እንደሆነም አላውቅም።»

«ቢገድሉህስ?»

«አሁን ማን ይገድለኛል? ያኔ ይፈልጉኝ የነበሩት ሁሉ እንደኔ አርጅተው ከዘራ ይዘዋል» አሉና ሳቁ። ሽማግሌዎች ከዘራ ይዘው ሲዋጉ ታየኝ።

«ትመለሳለህ?»

«እግዜር ካለ።»

እግዜር ካለ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ብስክሌት ግዢልኝ ስላት እናቴ የምትለው ነው። ዉሻ እንግዛ ስላትም ብላኛለች። ብስክሌትም ዉሻም የለንም። እንባዬ መጣ። አባባ ዘወር ብለው ሲያዩኝ የብረት ብናኝ ዓይኔ የገባ መሰላቸው፤ «አትሺው፣ አትሺው» እያሉ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና ከውሃ ጠርሙስ ዓይኔ ላይ አፈሰሱልኝ። ውሃውና እንባው አንድ ላይ አንገቴ ገባ። እኔም ብናኝ አይደለም አላልኳቸውም።

ፊቴን በእጅጌዬ ስጠርግ ገጠሙት። መዶሻዋን ወደ ኋላ ሳቧት፤ ቆመች። ባዶ ብረት ላይ ወድቃ እንዳትጎዳ ጺማሙ ሰውዬ ከሥሯ ቆዳ አድርጉ ብሎ ስለነበር ከአሮጌ ቀበቶአቸው ቁራጭ ቆርጠው አስገቡ። «ነይ፣ ዓይንሽ ከጠራ አንቺ ሳቢው» አሉኝ። ጣቴን አስገብቼ ሳብኩ። ጠቅ አለ። መዶሻዋ ቆዳው ላይ ወደቀች። ድምፁ ትንሽ ነበር።

አባባ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «በቃ። አሁን ማል ቢሉኝ እምላለሁ።»

የሁለተኛው ኢንተርቪው ቀን ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ዳውንታውን አባባ በሚሠሩበት ፓርኪንግ ፓርክ አድርገን በእግር ወደ ቢሮው ሄድን። አባባ ሱፍ ለብሰዋል። እሳቸውና ጋሽ ተፈራ ገቡ፤ እኔና አባቴ ውጭ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ወታደሮች የሚወጡ መስሎኝ የአባቴን እጅጌ እጨብጣለሁ። አባቴ «አይዞሽ፣ ያልፋሉ» ይለኛል። ያልፋሉ ባለኝ ቁጥር ያሳምመኛል።

ሲወጡ አባባ ፈገግ ብለዋል፤ ጋሽ ተፈራ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ጥያቄው መጣ» አለ ጋሽ ተፈራ መኪና ውስጥ ስንገባ። «ጋሼ ‹አዎ፣ አለኝ› አሉ። ‹ቃታዋ ተሰብሮ ነበር፤ በእጄ ቀይሬዋለሁ› አሉ። በልና ይሄን ለኦፊሰር ተርጉም።»

«እና ምን አልክ?» አለ አባቴ።

«‹የስ› አልኩ።»

«ያን ሁሉ ነገር በአንድ የስ?» አሉ አባባ ተቆጥተው።

«ሌላ ምን ልበል ጋሼ፣ ሁለታችንንም ጠራርገው እንዲያስወጡን ነው?»

አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ አድርጎ ሳቀ። አባባም ሳቁ። እኔ ከኋላ ወንበር መስኮቱን እያየሁ ነበር። አለኝ ብለዋል። አበቃ።

ቀጥሎ ባለው ጊዜ በየማታው አለቀስኩ። መሐላ የገቡ ዕለት ትንሽ ባንዲራ ይዘው ሲመጡ አለቀስኩ። ፓስፖርቱ በፖስታ ሲመጣ አለቀስኩ። አባቴና አባባ ሻንጣውን ሚዛን ላይ እያወጡ፣ እያወረዱ፣ ካልሲ እየቀነሱ ሲከራከሩ ክፍሌ ገብቼ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። እናቴ ሐኪም ጋ ልትወስደኝ ፈልጋ ነበር፤ አባቴ ልጅቷ አያቷን ስለምትወድ ነው አላት። እሱስ ልክ ነበር።

የሚሄዱበት ጠዋት ብርድ ነበር። ሻንጣዎቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል፤ እናቴ የአባባን ኮሌታ ታስተካክላለች። እኔ ጋራዥ ገባሁ። ጠብመንጃዋ በአንሶላዋ ተጠቅልላ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናት። አላወረዷትም። መሰላል ላይ ወጥቼ አወረድኳት፤ ከበደችኝ፤ አንሶላው እየተጎተተ ወደ መኪናው መጣሁ።

«አባባ፣ መሣሪያህን ረሳህ!»

አባቴ ዘሎ ያዘብኝ። መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ ሁላችንንም ወደ ጋራዡ መለሰን። አባባ ግራ ገብቷቸዋል። «የት ልወስዳት?»

«ጦርነት።»

«የምን ጦርነት?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። መሣሪያ ያለው እንደሚወሰድ፣ የውሃ ቆጣሪውን ሰውዬ፣ በጨለማ ስለሚዋጉት ሽማግሌዎች፣ ሹራቡን። እናቴ በመዳፏ አፏን ያዘች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ፊቴ ተቀመጡ።

«እትዬ ዘነቡን ላያት ነው የምሄደው። ዓይኗ ሳይጠፋ እንድታየኝ።»

«ሹራቡስ?»

«የሷ ነዋ። እዚያ ይበርዳል።»

«ታዲያ ቃታውን ለምን ሠራነው?»

«ባዶ እጄን ምዬ፣ በሐሰት ባገኘሁት ወረቀት እህቴ ዓይን ፊት እንዳልቆም ነው» አሉ። «ለማንም ልተኩስባት አይደለም። እስክመለስ አንቺ ጋ ትቆይ። ዝገት እንዳይበላት ዘይት ቀቢልኝ።»

እነዚያ ሁሉ ነገሮች፣ ስልኩ፣ ሹራቡ፣ ባትሪው፣ ያን ጊዜ አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸው ገቡ። ደስታ ራሴ ላይ ወጣ። ኤርፖርት እስክንደርስ ዘፈንኩ። ሰልፉ ውስጥ ዘለልኩ፣ በተንሸራታቹ መንገድ ወደ ኋላ ሮጥኩ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። እናቴ ታለቅሳለች፣ አባቴ ሻንጣዎቹን ይገፋል። እኔ ጦርነት የለም እያልኩ እስቃለሁ። አባባ ጉንጬን ስመውኝ ለፍተሻ ጫማቸውን ሊያወልቁ ወደ ውስጥ ሲያልፉ እጄን አወዛወዝኩና የሚበላ ነገር ግዙልኝ ብዬ ዞርኩ። ዘወር ብለው አይተውኝ እንደሆነ አላውቅም።

እትዬ ዘነቡ ዓይኗ ሳይጠፋ አየቻቸው። ሹራቡን ለብሳ ከጎናቸው ተቀምጣ የተነሱት ፎቶ ደረሰን። ግን ቀድመው ያረፉት እሳቸው ናቸው፤ እዚያው ወልድያ፣ የሚስ ዶሪስ ዛፎች ገና ሳያቆጠቁጡ። ቤታችን በለቀስተኛ ሲሞላ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለማልቀስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ያለኝን እንባ ሁሉ ላልነበረው ጦርነት ጨርሼዋለሁ። ሰዎች ልጅቷ ገና አልገባትም ይሉ ነበር። እግዜር ካለ ያሉኝ ለት ግን ገብቶኝ ነበር፤ ከሁሉም ቀድሞ የገባው ለእኔ ነው።

ጠብመንጃዋ አሁን እኔ ጋ ናት። ኖርክሮስ ካለው ሰውዬ ትንሽ የተልባ ዘይት ለምኜ ወስጄ ያን ማታ ቀባኋት። የቀበቶውን ቁራጭ ከመዶሻዋ ሥር አድርጌ ቃታውን ሳብኩት፤ ይሠራል። አሜሪካ መጥታ ትወስዳቸዋለች ብዬ ያን ሁሉ ስጠብቅ፣ በመጨረሻ በሩ ድረስ የሸኘኋቸው እኔው ነበርኩ፣ እየሳቅኩ።